እስከ በሩ ብቻ

ዶክተሯ የሰጠችኝ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈ
ሦስተኛ ወሩ ነው፤ ጥጉ በወጥ ረጠበ፣ ታጠፈ።
ስኳር ተዪ ይላል፣ ጨው ቀንሺ፣ ዘይቱን በማንኪያ ለኪ፣
በቀን ሠላሳ ደቂቃ ተራመጂ፣ ሆድ ሲብስሽ ምግብ አትንኪ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኚ።
እኔ የሌሊት ተረኛ! ማን ይንገርልኝ ለሐኪሜ፣
ሰው መኪናውን ሲያሞቅ ነው የሚጀምረው ሕልሜ።

አሥራ አራት ትእዛዝ ነው። ሙሴ እንኳ ከተራራው ሲወርድ
የያዘው አሥር ብቻ ነው፤ እሱንም አልቻለ ያ ትውልድ።
ከሥራ ስገባ አነበዋለሁ፤ ሳነበው ጭንቅ ይለኛል፣
ሲጨንቀኝ ፍሪጁን እከፍታለሁ፤
ወረቀቱም በሩ ላይ ነውና አብሮ ይከፈትልኛል።

ሁሉንም ባንዴ ልጀምር ብዬ ለሰኞ እቀጥራለሁ፤
ሰኞ በሰዓቱ ይመጣል፣ እኔ ግን እቀራለሁ።

ልጄ ቤዛዊት ስልኬ ላይ የምግብ ቆጣሪ ጫነች፤
ፍርፍር ብዬ ብጽፍላት፣ «እንዲህ ያለ የለም» አለች።
ተስማማን እንግዲህ፦ እሷ ካላወቀችው እኔም አልበላሁትም።

ሚዛኑን አልጋ ሥር ገፍቼዋለሁ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣
ዓይን ያለው ይመስል አፍሬ።
ተረቱ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፤
ዶክተሯ አስኳሉን ከልክላለች። ታዲያ በምኑ ይሄዳል?

ሥራዬ ሰው ማንሣት ነው። ኤድመንተን፣ ከወንዙ ማዶ፣
የአዛውንቶች ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ መስኮቱ ሙሉ በረዶ።
አንዱን አገላብጬ፣ አንዷን አጥቤ፣ አንዱን ከአልጋ ወደ ወንበር፣
የሰው ገላ ስሸከም አድሬ
ጠዋት የራሴን ደረጃ ማውጣት ያቅተኝ ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ ዘጠና አንድ ዓመታቸው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮባቸው፣
ስንት ግዛት በባቡር ያቋረጡ ሰው፣ ምንጣፉ ውቅያኖስ ሆነባቸው።
አንድ ሌሊት፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ደግፌ ላስነሣቸው ስል
«አልችልም» አሉ። «ኮሪደሩን እዪው እስቲ፣ ማለቂያ የለው።»
እኔም እንደ ለመደብኝ፣ ሳላስበው፣
«ኮሪደሩን ማን ጠየቀዎ? እስከ በሩ ብቻ ነው።»

ተነሡ። አምስት እርምጃ። መዝጊያውን እንደ ዘመድ አቀፉት።
እኔ ግን የራሴን ድምፅ ሰምቼ ክንዳቸውን እንደያዝኩ ቀረሁ።
ይህን የሚል አፍ አለኝ ለካ! ለሰው ሲሆን የሚቸር፣
ለኔ ሲሆን አሥራ አራት ትእዛዝ የሚቆጥር።

ጠዋት ከአውቶቡስ ወረድኩ። በራፌ ደርሼ፣ ቁልፌን አውጥቼ፣
አለፍኩት፤ ቤቴን ትቼ።
ከመንገዱ ጫፍ የሰፈሩ ፖስታ ሳጥን አለ፤ ሁሌ ቤዛዊት ናት የምትከፍተው፣
ያውም ከመኪናዋ ሳትርቅ።
ሰባት ቤት። ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት። ትንፋሼ ሽፋሽፍቴ ላይ ደርቆ፣
አራተኛው ቤት ጋ ቆምኩ፣ ልቤ እንደ እንግዳ በር እያንኳኳ፣ ተጨንቆ።
ቆሜ፣ ቆሜ፣ ደረስኩ።
ሳጥኑ ውስጥ የፒዛ ማስታወቂያ፦ አንድ ለገዛ አንድ በነጻ።
ሳቄ መጣ፤ በዚያ ብርድ ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅኩ።
ይዤው ተመለስኩ። አልጣልኩትም፤ መዋሸት ለማን ይጠቅማል?
ፍሪጁ ላይ፣ ከትእዛዞቹ ጎን፣ እስካሁን ይታያል።

በማግስቱም ሄድኩ። ከዚያ ጉልበቴ አበጠና ሁለት ቀን ቀረሁ፤
በሦስተኛው ወጣሁ፣ ቁልፉን ረስቼ፣ ሳጥኑን በእጄ ነክቼ ተመለስኩ።
ጎረቤቴ ኦሌና በረዶ ስትጠርግ ቀና ብላ፣
«የማን ደብዳቤ ነው እንዲህ የሚናፈቅ?» አለች አካፋዋን ተክላ።
«እኔ እንጃ» አልኳት፣ «ሳጥኑ ድረስ ብቻ ነው የምሄደው።»

ሚዛኑ አልጋ ሥር ነው። ይተኛ፤ አልቀሰቅሰውም ገና።
የቀሚሴም ዚፕ ያችው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ዛሬም እንደ ትናንትና።
ብቻ ዛሬ አራተኛው ቤት ጋ አልቆምኩም፤
አምስተኛው ጋ ነው የቆምኩት።