ቢልልኝ

ሮተርዳም ይዘንባል፤ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት፤
ቁጥሬ መቶ አስራ አንድ፣ መሀላችን መስታወት።
ከመስታወቱ ኋላ ማሬይከ ተቀምጣ
መዝገቤን ታያለች ገጽ በገጽ ገልጣ።

«ባልሽን ልታመጪ መጠየቅሽ መልካም፤
የጋብቻው ወረቀት አያጠራጥርም፤
ግን አንቺስ ማነሽ?» አለች። ክፋት የለባትም፤
ጥያቄው ነው እንጂ ድምጿ አይጎረብጥም።

«ፓስፖርትሽ ካበቃ አስራ ሁለት ዓመቱ፤
ዜግነትሽ ደግሞ ካባት ነው መሠረቱ፤
ስለዚህ አምጪልኝ፦
እሱ ዜጋ የሆነበትን ቀን፣
ልጁም መሆንሽን፣
ያኔም ለአካለ መጠን እንዳልደረስሽ፣
ከስሙ ስር ስምሽ እንደተጻፈልሽ።»

በዘጠኝ ዓመቴ እናቴ ድሬዳዋ ስትመልሰኝ
ለገሀሬ መንደር «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ያልጠየቀኝ የለኝ።
ጠያቂው ሁሉ ግን መልሱን ያውቅ ነበር፤
ሰላምታ ነው እሱ፣ ከሱቅ ደጅ፣ ከበር።
«የቢልልኝ» ስለው «የመርከበኛው?» ብሎ
ብርቱካን ይሰጠኛል ዘንቢሉን አጉድሎ።

እዚህ ብርቱካን የለም።
«እናት እውነት፣ አባት እምነት» ያሉትን አበው
እምነት በሦስት ቅጂ፣ በመሐላ ትርጉም፣
ተሰፍቶ እንደሚቀርብ ማን በነገራቸው።

አባቴ በሰባ አንድ ከመርከብ ወረደ፤
የወደቡን ክሬን እንደ ግመል ገርቶ ብርዱንም ለመደ።
ስሙን ሲጠይቁት በቃሉ ነገራቸው፤
እነሱም ጻፉት እንደየጆሯቸው፦
አንዱ ጋ «ቤሌሌን»፣ አንዱ ጋ «ቢሊኝ»፤
እኔንም ስንዱን «ሲንዶ» አሉኝ።
ደግሞ እሱ ወንድአፍራሽ፣ እኔ ቢልልኝ፤
«የቤተሰብ ስማችሁ የት ጋ ነው የሚገናኝ?»
እንዴት ላስረዳት?
እኛ ስም አንወርስም፤ አባት ይከተለናል እንጂ፣
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣
እንደ ጥላ።

ልደቴ ጳጉሜ ስድስት ነው። ተርጓሚው ግራ ገባው፤
«ወር፦ አስራ ሦስት» ብሎ ጻፈው፤
ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ።
ባራት ዓመት አንዴ የምትወለድ ልጅ
በየትኛው ወር ትግባ ከአውሮፓ ደጅ?

ክሮስቫይክ መካነ መቃብር ሄድኩኝ በማግሥቱ።
ድንጋይ ጠራቢው፣ ሆላንዳዊው፣ ካንዲት ብጣሽ ወረቀት
ስሙን በፊደላችን ገልብጦ ጽፎታል፤
አንድ ቅጥያ እንኳ አላጎደለበት።
ሳቅሁኝ ብቻዬን።
አገሩ በሙሉ የሳተውን ስም
ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አልሳተውም።
ግን መቃብር ኮፒ አይደረግም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣
ሄንክ የሚባል አዛውንት ሣጥን ይዞ መጣ፤
አቧራውን እፍ ብሎ ብጫ ካርድ አወጣ።
አራት መስመር ነው፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤
ካባቴ ስም ቀጥሎ አንዲት ቃል ይነበባል፦
«ከነልጁ»።
ያቺ «ከነ» ናት አገሬ፤
ሠላሳ ምናምን ዓመት በሷ ተንጠልጥዬ መኖሬ
አሁን ገና ገባኝ።

ማሬይከ ተቀበለች። «ዘጠና ቀን ጠብቂ።»

ማታ ዳምጠው ደወለ።
«ምን አሉሽ?»
«የማን ልጅ ነሽ አሉኝ።»
«ታዲያ አልነገርሻቸውም?» ሳቀ። መስመሩ ተንኮሻኮሸ።
«ቆይ፣ እስቲ ስምሽን ቀስ ብለሽ ጥሪልኝ፣
ያባትሽንም ጨምረሽ።»
ስንዱ... ቢልልኝ።
«በቃ» አለ፣ «ይኸው ማመልከቻ!
ሌላ ምን ወረቀት ያስፈልጋል?»

ዝናቡ አባርቷል።
ከወንዙ ማዶ የአባቴ ክሬን አንገቱን ቀና አድርጎ
ከማላየው መርከብ አንድ ሣጥን ያወርዳል።