ብርድ ነው አልነው

ድሬ ላይ ብርድ የለም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል፤
አልጋውን አውጥቶ ሰው ደጅ ላይ ያድራል።
ሙሜ ዩያ ታዲያ ወገቡን ሲያመው፣
«ብርድ ነው» አለን እሱ፣ እኛም «ብርድ ነው» አልነው።
ከአሸዋ ገበያ ቅባት ተገዛለት፣
ሮብሌ በጡጫው ጀርባውን አሸለት፤
«ማታ ማታ ግመል ትጭናለህ እንዴ?» እያልን ሳቅንበት።

ከዚራ፣ ከኒሙ ስር፣ ዶሚኖ ስንጥል
አራት ሽማግሌ ነን። ጨዋታው ሲግል
አንዱ ብድግ ይላል፤ ከግንቡ ጀርባ ነው ጉዳዩ፤
ይቆያል፣ ይቆያል፤ ይቀዘቅዛል ሻዩ።
ሲመለስ ማንም ሰው «ምን ሆነህ?» አይለው፤
ሽርጡን እያየ፣ ጠብታ እንዳይኖረው፣
ሲቀመጥ ጠብቀን «ተራህ ነው» ነው የምንለው።

እኔ እንኳን፣ ዘውገ፣ ቧንቧ ስፈታ ያረጀሁ፣
ከሳቢያን ገንደ ቆሬ መስመር የዘረጋሁ፣
የድሬን ውሃ ጠባይ እንደ ልጄ የማውቅ፤
ኖራ ተሸክሞ ከውስጥ የሚደርቅ፣
ላዩ ደህና መስሎ፣ ቀለሙም ሳይለቅ።
አንዷ እመቤት መጥታ «ቀጠነብኝ» ስትል
«ከመቼ ጀምሮ?» ነው ካፌ የሚቀድም ቃል።
የሰውን ቤት ጠየቅሁ ሠላሳ አራት ዓመት፤
ለራሴ ግን፣ እንጃ፤ ሌሊት አራቴ ስነሳላት፣
ግድግዳ ተደግፌ «ጠብ በይ» እያልኩ ስለምናት፣
«ሐብሐብ በልቼ ነው» ብዬ ብቻ አለፍኳት።

ሙሜን ድል ጮራ ያስገቡት ለታ
አጥንቱ ውስጥ ነበር ያ ብርድ ያልነው በሽታ።
ከፕሮስቴት ተነስቶ፣ ዳሌ፣ አከርካሪ፣
መንገዱን ጨርሷል ያላንድ ተናጋሪ።
ሐኪሙ አልወቀሰን። «ቀደም ቢል…» አለና
ዝም አለ፤ መነጽሩን ጠረገ እንደገና።
ከዐስር ሶላት በፊት አፈር አለበስነው፤
ግማሽ የቀረው ቅባት ኪሴ ውስጥ ነው ያለው።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ፣ ለየውብዳር ሳልነግር
ባጃጅ ያዝኩ። የፈራሁት፣ እውነቱን ለመናገር፣
ደሙን አልነበረም፤ የሐኪሙን ጓንት ነበር።
የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ ኢፍቱ፣ ቀና ብላ አየችኝ፤
«የእናቴን ቧንቧ የገጠሙት እርስዎ አይደሉ?» አለችኝ።
ምነው መሬት በዋጠኝ! ከወረቀቱ አነበበችኝ።
ላስቲክ ጠመጠመች ክንዴ ላይ በፍጥነት፣
እኔ ለቧንቧ ጥርስ ቴፍሎን እንደምጠመጥምለት።
ጣት የምታህል ብልቃጥ ጥቁር ቀይ ሞላች፤
«ግፊቱስ ደህና ነው» ብላት፣
ሳቀች።

ስድስት ነጥብ ስምንት። ወረቀቱን ይዤ
ሐኪሙ ፊት ቁጭ አልኩ፣ እንደ ተከሳሽ ፈዝዤ።
«ፍርድ አይደለም» አለኝ። «እርስዎ ቆጣሪ ያውቃሉ፤
በሮጠ ቁጥር ተነስተው ግንብ ያፈርሳሉ?»
አላፈርስም። አንዳንዴ ጓሮ የሚያጠጣ ልጅ ነው፤
አንዳንዴ የተረሳ ባልዲ፤
አንዳንዴ ግን ከመሬት በታች ነው።
«ዕድሜ ያመጣው እብጠት ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም፤
ሌላውም ሊሆን ይችላል» አለ፤ ስሙን አልጠራም።
ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግመን ልንለካ ተቃጠርን፤
ያኔም ካልወረደ፣ ወደ ውስጥ የሚያየውን መሣሪያ መረጥን።
ቆጣሪ የት እንደሚያፈስ አይናገርም፤
ግን «ተነስ፣ ጆሮህን ከግድግዳው ላይ አድርግ» ሳይል አይቀርም።

ወደ ኒሙ ተመለስኩ። ሦስት ነን አሁን።
የሙሜን ወንበር አላነሳነውም፤ ፀሐይ ይሞቃል ቀኑን።
«ደሜን ተመረመርኩ» አልኩ። «ስድስት ነጥብ ስምንት።»
ወልደየስ ድንጋዮቹ ላይ አፈጠጠ፣
ነጥብ ቆጠራ እንደጠፋበት።
ሮብሌ ተነስቶ ሄደ ከግንቡ ጀርባ።
ቆየ።
ቆየ።
ሲመለስ አልተቀመጠም፤ የእጅጌውን ቁልፍ እየዘጋ፣ እየፈታ፣
«ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለኝ በሹክሹክታ።
«ሁለት ተኩል።»
ድንጋዩን አንስቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።
«ተራህ ነው» አልኩት።