ስሙን የጠራ ይወጣል

ከአቃቂ ድልድይ ወዲያ፣ ከብረታ ብረቱ ደጅ አለፍ ብሎ፣
ሚስማርና ሲሚንቶ ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ፣ በቆርቆሮ ተከልሎ
አንድ ካራኦኬ ነበር፤
ዓርብ ማታ መብራት ካለ ማይኩ የሚያፏጭበት፣
ከሌለ ጄኔሬተሩ ከዘፋኙ እኩል የሚጮህበት።

ጨዋታውን ያመጣው አቶ ሂራኖ ነው፤
ፋብሪካችን ካይዘን ሊያስተምር መጥቶ፣
መፍቻውን በቁመት አሰልፎ፣ ለመጥረጊያው እንኳ ቁጥር ሰጥቶ፣
ማታ ግን ከረባቱን ኪሱ ከትቶ
በፍላሽ ያመጣውን የአገሩን ዘፈን ያሰልፋል፤
ፊደሉ በስክሪኑ ላይ እንደ ጉንዳን ጉዞ ያልፋል፣
እሱ በጣቱ እየነካ ይተረጉማል፣ ይለፋል።

ሕጉ ይህ ነው፦
አንዱ ወቅት ይመርጣል፤
ሌላው ወቅቱን የሚያመጣ አንድ ቃል ከዘፈን ይመዛል፣
ወቅቱን ግን በስሙ አይጠራም።
ስሙን የጠራ ይወጣል።
«ጭጋግ» ካሉ ጸደይ፤ «ርችት» ካሉ በጋ
(የእነሱ በጋ ሐምሌ ነው፣ እኛ ጭቃ ስናቦካ)፤
«ጨረቃ» ብቻዋን፣ ያለ ቅጽል፣ የመኸር ናት፣
ዓመቱን ሙሉ ብትወጣም።
ዘውገ ጭኑን መታ፦ «ይሄማ የኛው ቅኔ ነው!
ሰሙ ጨረቃ፣ ወርቁ መኸር።»

«ሀሩ» ጸደይ ነው አለን።
ጫልቱ ግንባሯን ቋጠረች፦ «ሀሩርማ ጨርቅ ያስጥላል!»
«ዩኪ» በረዶ ነው አለን።
«ቆርቆሮ የሚደበድበው?»
«አይ፣ ድምፅ የለውም።»
ድምፅ የሌለው በረዶ፤ ዘውገ እስካሁን አላመነም።
«አኪ» መኸር ነው። «ቃ» እና «ቂ» እምቢ ብለውት
ሰፈራችንን «አካኪ» ነበር የሚላት፣
በጠራት ቁጥር መኸር ጅራቷ ላይ ተቀምጦባት።
«ሀና»ስ? አበባ።
ከዚያ ወዲህ ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ
«ሐና! ሐና! ሐና ማርያም!» ሲል
አበባ የሚሸጥ ይመስለኛል።

ተራው የኛ ሆነ።
የምናውቀው ዘፈን ሁሉ ክረምትን በስሙ ይጠራል፤
አንድ በአንድ ወጣን።
ከዚያ ዘፈኑን ትተን ከጓዳችን መምዘዝ ጀመርን።
ቶሎሳ፦ «በር ላይ የቆመ ቦቲ ጫማ።» ተቆጠረለት።
ጫልቱ፦ «ኮብልስቶኑ ያለቀበት፣ ባለባጃጁ ውረዱ የሚልበት።»
ዘውገ፣ ለበጋ፦ «ቢጫ ጀሪካን፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ውሃ ከመምጣቱ በፊት የቧንቧው ትንፋሽ።»
መኸር ለኔ ደረሰኝ።
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ የቀረችውን ጤፍ ማሳ አሰብኩ፣
ዓምና ነፋስ ሲያስተኛት ከአራተኛ ፎቅ ያየናትን።
«ብሎኬት» አልኩ።
አቶ ሂራኖ ጠበቀ። «ብሎኬት መኸር ነው?»
«ከስሩ ነው» አልኩት።
ነጥቡን ሰጠኝ። ገብቶት ይሁን አዝኖልኝ፣ እንጃ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ውሉ አለቀ።
በዚያች ዓርብ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወገረ
ዘፈኑ በአፍ ብቻ ነበር የሚታይ።
ብርቅነሽ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቷ፣
ሦስት ወር ሙሉ ካጠገቡ ተቀምጣ አንድ ቃል ያልመዘዘች፣
የቁልፍ ቀለበቷን በጣቷ እያዞረች፣
እሱን ሳይሆን ስክሪኑን እያየች፣
«እዚሁ ክረም» አለችው።

አማርኛው ደህና ሆኖ ነበር፤ ግማሹን ያዘ።
አጨበጨበ፣ እንደ ልጅ ሳቀ፦
«ክረምት! ስሙን ጠራሽ! ወጣሽ!»

ማንም አላረመውም።
ይሄ ስም አይደለም፣ ልመና ነው የሚል ጠፋ፤
ሁላችንም ብርጭቋችንን አየን።
ብርቅነሽም ሕግ አክባሪ ናትና
ማይኩን ጠረጴዛው ላይ በዝግታ አስተኛች፣
ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

ከደረጃው ስር፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ረዳቱ ይጣራል፦
«ሐና! ሐና! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!»
በሩ ሲዘጋ ከላይ ሰማነው።
አቶ ሂራኖም ሰማ፤
አበባ ተጠራ ብሎ፣ ፈገግ እንዳለ፣
ለቀጣዩ ዙር ጸደይን መረጠ።