ጀሪካን ሙቅ ውሃ

ከቴፒ ነው የመጣችው በአይሱዙ ጋቢና፣
በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልላ፣ ዓይኗ ሳይገለጥ ገና።
ገዳሙ ነው ያመጣት፣ የሟች ባሌ ወንድም፤
«እትዬ፣ አሳድጊያት፤ አፈር ግን አትወድም።
ዛፍ ላይ ነው ኑሮዋ፣ ኦርኪድ ነው ስሟ» አለኝ፣
ጭነት አለብኝ ብሎ አቧራውን አልብሶኝ።

ሰፈሩ ሳቀብኝ። ውድነሽ በአጥሩ አንገቷን አስግጋ፣
«ሥሯ አየር ላይ ቀርቶ እንዴት ነው የምትረጋ?
ቃሪያ ብትተክዪ ለሽሮሽ ይሆናል፤
ይሄ ምኑ ይበላል?»

ከዋንዛ ቅርፊት ላይ በአሮጌ ስቶኪንግ አሰርኳት፣
ከመስኮቱ በላይ፣ ከጥላው ሰቀልኳት።
ጠዋት ጠዋት ውሃ በአፌ እይዛለሁ፣
ልብስ እንደሚተኩስ ሰው እፍ እላታለሁ።
ክረምቱን ወደደች። ጣናም ደግ ነበር፣
ጉሙን እስከ ደጄ እየላከ ሲያድር።

ባሕር ዳር ይሞቃል ይላሉ እንግዶች፣
ቀን ከዘንባባው ሥር ጭማቂ ጠጪዎች።
ኅዳር ታጥኖ ሲያልፍ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ሲሆን፣
ወጥተው ይዳብሱት የቅጠሏን ጫፉን።
ከክሊኒክ ፍሪጅ የተጣለ ቴርሞሜትር
ከጎኗ ሰቀልኩኝ፤ ዘጠኝ ላይ ሲያድር
የቅጠሏ ጠርዝ እንደ ሻይ ጠቆረ፣
አንዱ ሥሯም ላላ፣ ውሃ እየቋጠረ።

መኝታ ቤት ገባን፣ እኔና እሷ።
ባሌ ይተኛበት በነበረው በኩል በርጩማ አቆምኩላት፣
ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ አሙቄ፣
በጋቢው ጠቅልዬ ከሥሯ አስጠጋሁላት።
መብራት እንኳ ቢጠፋ፣ እሱ እስኪነጋ ይዘልቃል።

አራት ዓመት። አራት ታኅሣሥ።
ቅጠል አልነፈገች፣ ሥርም አልነሳችኝ፤
አበባ ግን የለም፣ አንድ ቀን አልሰጠችኝ።

በአምስተኛው ዓመት ወገቤን ታምሜ
አሥራ ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ከርሜ
ጥር ላይ ቤቴ ገባሁ።
ልጄ ማርዘነብ ውሃውን ረጭታለች፣
ማታ ማስገባቱን ግን ረስታዋለች፤
መስኮቱ ላይ ነበረች፣ ያን ሁሉ ሌሊት፣ ያን ሁሉ የሐይቅ ነፋስ።
ልቆጣ አፌን ስከፍት፣ ከቅጠሏ ብብት
አንድ አረንጓዴ ጫፍ፣ የክብሪት እንጨት የምታክል።
ሥር መስላኝ ነበር። ሥር ወደ ታች ያያል፤
ይቺ ወደ ላይ።

ገዳሙጋ ደወልኩ። ሳቀ፤ «እትዬ፣» አለኝ፣
«ትንሽ ብርድ ካልነካት አታብብም እኮ።
አልነገርኩሽም እንዴ?»
አልነገረኝም።

መጋቢት ማለቂያው፣ መብራት የጠፋ ማታ፣
ክብሪት ስፈልግ፣ ግድግዳ ስዳብስ በዝግታ፣
ሽታዋ በመስኮት ገብቶ አገኘኝ።
ቀን የማትሸት አበባ! ነጭ ናት፣ ጭራዋ ረጅም፤
ፀሐይ እያለ ለንብ እንኳ ትንፍሽ አትልም።
ውድነሽ በአጥሩ፣ «ምን ተቀባሽ ዛሬ?» አለችኝ በጨለማ።
ዝም አልኳት። እሷም ዝም አለች፤ ስትስብ ትንፋሿ ተሰማ።

ይኸው ታኅሣሥ ነው ደግሞ።
ጀሪካኑን አሁንም ማታ ማታ አሞቃለሁ፣
እጄ ለምዶ ነው መሰል።
እሷ ውጭ ናት፣ ዘጠኝ ላይ።
ውሃው ከእኔ እግር ሥር ያድራል።