የድምፅ መቀመጫ

ሙያዬ በርጩማ፥ ከአባቴ የወረስኩት፥
ከአንድ ግንድ ፈልፍዬ፥ ሦስት እግር ያቆምኩት።
ዳርጌ መጣና፥ ፋርማሲውን ዘግቶ፥
የዛገ ጡሩምባ፥ ከፈረሰው ሲኒማ አምጥቶ፥
«ነዚፍ፥ ዝገቱን ተው፤ ቅርጹን በዋንዛ ቅዳው፤
ድምፅም እንደ ሰው ነው፥ መቆም ነው የሚጎዳው።»

ሳቅሁበት። ስለካው ግን፥ ጉሮሮው ጠቦ ጠቦ፥
አፉ ጋ ሲደርስ ይከፈታል፥ እንደ ጫጩት ተርቦ።
ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ፤ ዋንዛው በጅማ ክረምት፥ ሲላላ ሲታሰር፤
ዘቢባ ታሾፋለች፦ «እኔ ብሆን ወልጄ፥ አርባዬ ወጥቶ ነበር።»

ቅዳሜ ሸክላው ዞረ።
ክላርኔቱ መጣ፥ መሐላችን ቁጭ አለ፤
ዳርጌ «እሱ ራሱ!» ብሎ፥ በእናቱ ማለ።
አባ ዲኮ ግን፥ ያኔ ፊልም ያዞር የነበረ፥
ጆሮውን አዘንብሎ፥ «አንድ ነገር ቀረ።»
ምን እንደሆነ አያውቅም። ዳርጌ ሽቦ ቀያየረ፤
እኔ መጋጠሚያ ስዳብስ፥ በአዌቱ በኩል ጠቆረ።

ቆርቆሮው ላይ ዝናብ፥ እንደ ጠጠር ወረደ፤
ግማሹ ዜማ በውሃ ተወሰደ።
አባ ዲኮ ያኔ ዓይኑን ጨፈነ፤
«አሁን» አለ ቀስ ብሎ፥ «አሁን እሱን ሆነ።»

ዳርጌ ቀና ብሎ፥ ጣራዬን ያያል፤
አውቃለሁ፥ ነገ መጥቶ «በስንት?» ይለኛል።