የሰም ፊት

ቱሉ ዲምቱ ዳገት፣ ከብሎኬቱ ጓሮ፣
አባቴን ቀበርነው፣ በጥቅምት፣ ዘንድሮ።
ፎቶው ከፊት ሄደ፣ በመስታወት ታስሮ፣
ግዛው ደረቱ ላይ አቅፎት እንደ ከበሮ።

"ሮማም እንዲህ ነበር" አልኩኝ በሆዴ፣
የማታ ታሪክ አስተማሪ ነኝና፣ ለቅሶም ላይ አይለቀኝ ልማዴ።
የሟች አባቶችን ፊት በሰም ቀርጸው፣
ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው፣
ቀብር ሲደርስ ደግሞ ሕያው ሰው አጥልቆት
የሞተው አያት ነው የሚራመድ ከፊት።
በኛ ቋንቋ ግን ሰም ካለ ወርቅ አለ፤
የአባቴ ፊት ሰሙ፣ ወርቁ ማን ዘንድ ዋለ?

ማታ፣ ሰሌዳ ላይ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣
እንዲህ ብዬ ጻፍኩኝ፦ "ልጅ ሃምሳ ዓመት ቢወጣ፣
ሠራዊት ቢመራ፣ ፀጉሩ ቢሸብት፣
አባቱ እስካለ ድረስ የለውም ንብረት።"
ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግዛው ታየኝ፣
ጥርሱ የረገፈው ወንድሜ፣ "አባዬ፣ ለቤንዚን ስጠኝ"
እያለ ሲለማመጥ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ፣
አባባ ሰምቶ እንዳልሰማ ሲያንኮራፋ፣ ተጋድሞ።

"ሴቶቹስ?" አለችኝ ሲፈን፣ ከኋላ ወንበር።
"ሴት ልጅ በአባቷ ወገን ስም ነበረ የምትጠራው፣ እህት ስትጨመር
ይቀጠልላታል ቁጥር።"
እሷ ሳቀች። እኔ ቀበሌ ያየሁት ወረቀት መጣብኝ፤
ስሜ ያለምዘውድ ነው፤ ዘውዱ ግን የት ዓለም?
በወራሾች ዝርዝር ከኔ በታች የለም።

ኑዛዜው ሲነበብ ሣሎኑ ጢም ብሎ፣
ዕድርተኛ፣ ጎረቤት፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣
"ማኅተሙን ለለሚ፣ ለማደጎ ልጄ፣
ክሬሸሩን፣ መኪናውን፣ ፈቅጄ፣ ወድጄ"
አለ ጠበቃው። ድሪባ ተነሣ።
"የማንም ወንዝ ያመጣው ከኛ ሊበልጥ?" ብሎ አገሣ።
ለሚ የእናቴ ልጅ ነው፣ ከፊተኛው ትዳር፤
በስድስት ዓመቱ የመጣ፣ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ፣ ከዱከም መንገድ ዳር።

እናቴ አልተናገረችም። ቁልፎቿን ቆጠረች።
አሥራ አንድ ነበሩ። ወገቧ ላይ መለሰች።

ትዝ አለኝ ያ ሳምንት፤ አባባ ስኳሩ ጸንቶ፣
አጥሚት በማንኪያ ስትሰጠው፣ አንገቷ ጆሮው ሥር ተደፍቶ፣
ያለችውን አልሰማሁም። አውራ ጣቱን ቀለም ነክራ
ወረቀቱ ላይ ጫነችው፤ አወይ የእጅ ሥራ!
ያኔ ገባኝ ወርቁ። ሰሙማ ሣሎን ነው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፤
እሷው ናት አቧራውን የምትጠርገው፣ ጠዋት ጠዋት፣ ቶሎ ቶሎ።

አርባው ካለፈ ወዲያ፣ ፈተና ሳርም፣ ማታ፣
አጠገቤ ተቀመጠች፣ በጥቁር ልብሷ ውስጥ ረግታ።
ውጭ ሲኖትራክ አሸዋ ሲገለብጥ ይሰማል፤
ለሚ ሠራተኛ ይሳደባል፣ ድምፁ ወፍሯል፤ አባባን ያስንቃል።
"ያቺ" አለችኝ፣ "በቀደም ለሲፈን ስታስረጃት የሰማሁት፣
ባሏን አሳምና፣ የእንጀራ ልጁን አሳልፋ፣ የራሷን ያነገሠችው እመቤት፣
በኋላ ምን ሆነች?"
እስክሪብቶዬ ቆመ።
ቀይ ነበር ቀለሙ፤ አንድ ነጥብ ወረቀቱ ላይ ቆይቶ፣ ሰፍቶ፣ ታመመ።
መጽሐፉ ክፍት ነው፣ ገጹ ክርኔ አጠገብ፤
ልጇ የላካቸው ሰዎች፣ ሌሊት፣ ባሕሩ ዳር፣ በሯን ሲከቡ የሚነበብ።
እጄን አሳረፍኩበት።

"አርጅታ ሞተች" አልኳት። "ልጇ ነው የቀበራት።"

"ተመስገን" አለች። ወገቧን ዳበሰች፣
ቁልፎቿን አወጣች፣ አንድ በአንድ ቆጠረች።
አሥር ነበሩ።
ደግማ ቆጠረች።