መቶ ሰማንያ ጨምሪ

ጥያቄ አራት ነበር፣ ስምንት ማርክ የያዘ፦
«አንድ ታንኳ በማለዳ ከባሕር ዳር ተጓዘ፤
ቀዛፊው ወደ ምዕራብ፣ በሰዓት ሦስት ኪሎሜትር፣
የየብሱ ነፋስ ወደ ሰሜን፣ በሰዓት አንድ ኪሎሜትር፤
ሁለቱ ቬክተሮች ቢደመሩ፣ ታንኳው በእውነት የሚሄድበት
አቅጣጫ ከፖዘቲቩ ኤክስ አክሲስ ጋር ማዕዘኑ ስንት?»

ፈተናውን ትቼ ሣቅሁ።
እኔ ይህን ታንኳ አውቀዋለሁ።
ደንገሉን ውኃ እስከ ወገቤ ገብቼ አጭጃለሁ፤
አባቴ እንድሪስ ገመዱን በጥርሱ ወጥሮ ሲያስረው
ሌላውን ጫፍ የያዝሁት እኔ ነኝ፤
ከጥቂት ወራት በኋላ በስብሶ ሲጥለው
አዲስ ደንገል ፍለጋ የሚልከኝም እኔን ነው።

ማን ይቅደመኝ ብዬ ገባሁበት።
አንድን ለሲቀነስ ሦስት አካፈልሁ፤
የተዋስሁት ካልኩሌተር፣ ሰባት ቁጥሩ የማይሠራ፣
«ሲቀነስ አሥራ ስምንት ነጥብ አራት» አለ፤
እንዳለ ገለበጥሁ።

መምህር ውባንተ ወረቀቱን ሲመልስ
ከስምንቱ ሁለት ሰጥቶኛል።
ከጎኑ በቀይ፦ «ዘሀራ፣ ሥዕሉ የት አለ?
መቶ ሰማንያ ጨምሪ።»

ጠረጴዛው ድረስ ሄጄ ተሟገትሁ፦ «ማሽኑ ነው ያለው!»
«ማሽኑ ምን ያድርግ?» አለኝ ጠመኔውን ከጣቱ እያራገፈ፤
«አካፍለሽ ሰጠሽው፤ ስታካፍዪ ምልክቱ ከባለቤቱ ተገፈፈ።
ሦስትን በሲቀነስ ይዞ ጠዋት ወደ ዘጌ የሄደው፣
አንድን በሲቀነስ ይዞ ማታ ከዘጌ የመጣው፣
ለታንጀንት አንድ ሰው ናቸው።
ሂያጅና መጪ አይለይም እሱ፤
የሚያውቀው ዘንበል ማለቱን ነው።»

ከዚያ ወዲህ ሳልሥል አላሰላም።
መንገድ ስጠየቅ እንኳ በጣቴ አየር ላይ ዘንግ አቆማለሁ፤
«ይህች ልጅ ዝንብ ትከላከላለች» ትላለች እናቴ።

ያን ዕለት ማታ ለአባቴ አጫወትሁት፣ መቅዘፊያውን ከግድግዳው ሲያስደግፍ።
ሲቀነስ የሚባል ነገር አያውቅም፣
ያለበትን ዕዳ ካልቆጠርነው በቀር።
«ዘጌን እያየሁ ቀዝፌ» አለ፣ «ዘጌ ደርሼ አላውቅም፤
ከግራዋ ያለውን ባዶ ውኃ ነው የማየው፣
የቀረውን ነፋሱ ይጨርሰዋል።
ስመለስም እንዲሁ፣ ከከተማው ግራ።
ክንዴም እንደዚያ እንደምትዪው ነው፤
መሄድና መምጣት አይለይም።»
«ታዲያ አንተ በምን ታውቃለህ?»
ትንሽ ዝም አለ።
«በሸክሙ» አለ። «ባዶ ከሆንሁ፣ እየሄድሁ ነው።»

ዛሬ ቅዳሜ።
በዘጠኝ ይደርስ የነበረው፣ ዐሥር ሰዓት አልፏል።
የሐይቁ ነፋስ ተነሥቶ ደንገሉን ወደ ከተማው አስተኝቶታል፤
እንጨት ገዢዎቹ ተሰላችተው ወደ ከሰል ተራ ሄደዋል።
ውኃው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ፤
እየመጣች ይሁን እየሄደች አይታወቅም፣
ጭነት ይኑራት አይኑራት ከዚህ አይታይም።

እርጥቡ ጭቃ ላይ በደንገል አገዳ
አግድሙን አሰመርሁ፣ ቁሙን አሰመርሁ፤
በመገናኛቸው የሚያልፍ ዘንበል ያለ መስመር፣
አሥራ ስምንት ዲግሪ በዓይን ግምት፣
በሁለቱም በኩል ጭቃው እስኪያልቅ ሳብሁ።

ሥዕሉ ይኸው፣ መምህር።
የቀስቱን ጫፍ ግን አላደረግሁበትም።
ቆሜ ነጥቧን አያለሁ፣
ትተልቅ እንደሆነ።